«ዛሬ ገና ነው» ሶፍትዌር ሲዘፍነው ለምን ይበላሻል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተምሩ መምህርት ለገና በዓል የልጆች መዝሙር አዘጋጅተዋል። አዝማቹ «ዛሬ ገና ነው፣ ከጧት ጀምሮ ጨዋታ ነው» ይላል። የሚዘፍንላቸው ሰው ስላጡ ግጥምና ኖታ ሲሰጡት በሚዘፍነው ፕሮግራም፣ በሲንተሳይዘር ቪ፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ አዘፈኑት። «ገና» በዓሉን ትቶ «ገና ነው፣ አልደረሰም» የሚል መሰለ። «ጨዋታ» ልፍስፍስ ብሎ «ቸዋታ» ሆነ፣ «ጀምሮ» ተጨፈለቀ፣ ቃላቱም ከከበሮው ኋላ እየተጎተቱ ይገባሉ። «የትኛውን ቅንብር ብነካ ይስተካከላል? ወይስ አማርኛ የሚችል ሌላ ፕሮግራም አለ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መምህርት፣ ቅንብር ከመንካትዎ በፊት እርሳስና ወረቀት ያንሱ። ከገለጹት ችግር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከአጻጻፋችን ነው። ፊደላችን ለአንባቢ የሚበቃ ቢሆንም ለማሽን ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛው የሚጠብቀውና የሚላላው አለመለየቱ ነው። ሁለተኛው ሳድሱ አናባቢ ይኑረው አይኑረው አለመታወቁ ነው። እኛ ከልጅነታችን ስለለመድነው ዓረፍተ ነገሩን አይተን እንፈርዳለን። ሶፍትዌሩ ግን የጻፉለትን ብቻ ይዘፍናል።

መጥበቁን እንይ። «ገና» ና ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «በ» ቢጨመርበት ደግሞ ላልቶ የዜማ መሣሪያው በገና፣ ጠብቆ «በገና ዕለት» ይሆናል። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ሰፊው ነው፣ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ አለቃ። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ኖረ። በንግግር አንዱ ቢሳሳት ዐውዱ ያድነዋል፤ በዘፈን ግን ዜማው ቃሉን ስለሚለጥጠው ማዳኛው ይቀንሳል። ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ከሆነማ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የተንጠለጠለው በዚሁ በመጥበቅና በመላላት ላይ ነው፤ እሱን ያበላሸ ማሽን ቅኔውን ገደለው ማለት ነው።

ሳድሱ የባሰ ተንኮለኛ ነው። «ቤት» ላይ ያለው ት ባዶ ተነባቢ ነው፤ «ትልቅ» ላይ ያለው ት ግን «እ» የምትል አጭር አናባቢ አዝላለች። እንደ መነሻ ይህን ይያዙ፦ የቃል መጨረሻ ሳድስ አብዛኛውን ጊዜ አናባቢ የለውም፤ የቃል መጀመሪያ ሳድስ አለው፤ የጠበቀ ሳድስ ሌላ ተነባቢ ከተከተለው አለው፤ ሦስት ተነባቢ ሊደራረብ ሲል መሃል ላይ «እ» ትገባለች። «ሽፍታ» ጥሩ ማሳያ ነው፦ ጫካ የገባው ሽፍታ ሁለት ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ የሚባል ሁለት የቃል ቁራጭ ነው፣ ሽፍ-ታ። ቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ግን ፍ ስለሚጠብቅ ሦስት ቀለም ነው፣ ሽፍ-ፍ-ታ። አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሚፈልጉት የኖታ ቁጥር ይለያያል።

የእርስዎ «ጀምሮ» የተጨፈለቀውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ፊደሉን ቆጥረው፣ ም ሳድስ ነው ብለው ሁለት ኖታ ሰጥተውት ይሆናል፦ ጀም-ሮ። ቃሉ ግን ሦስት ቀለም ነው፣ ምዋ ጠብቃ «እ»ም ይዛለች፦ ጀም-ም-ሮ። ስለዚህ ከግጥሙ ሥር ሁለተኛ መስመር ይጻፉ፤ የሚጻፈውን ትተው የሚዘፈነውን ብቻ፦

ዛ - ሬ - ገን - ና - ነው
ከ - ጧት - ጀም - ም - ሮ
ጨ - ዋ - ታ - ነው

አምስት፣ አምስት፣ አራት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ኖታ ያገኛል። እዚህ መስመር ላይ የሚጠብቀው ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ የፊተኛውን ቀለም ሲዘጋ፣ አንዴ የኋለኛውን ሲከፍት። በዩኒኮድ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት አለ፣ እንዲህ፦ ገና፟። ለወረቀት ያምራል፤ ለሶፍትዌር ግን አልመክረውም። በብዙ ፎንት ስለማይታይ አንድ ቀን ጠፍቶ ይቀርና ሲፈልጉት ይውላሉ። በተጨማሪ አፍ ላይ የሚዋሃደውን ተዋሕዶ ይጻፉ፦ «የአገሬ» ሳይሆን «ያገሬ»፣ «ስለ አንቺ» ሳይሆን «ስላንቺ»። ሞክሼዎቹንም አንድ ያድርጉ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

አሁን ስለ መዘግየቱ። ሰው ሲዘፍን ምቱ ላይ የሚያርፈው አናባቢው ነው፤ ተነባቢው ከምቱ ቀድሞ ይገባል። «ሳ» ሲል «ስስስ» የምትለው ከምቱ በፊት ያለውን ጊዜ ሰርቃ ነው። የቃላቱ መዘግየት ብዙ ጊዜ ተነባቢው ራሱ ምቱ ላይ ሲያርፍ፣ አናባቢውም ለተነባቢው ርዝመት ያህል ሲገፋ የሚፈጠር ነው። መድኃኒቱ ኖታውን ወደ ግራ መጎተት አይደለም። ያን ካደረጉ አናባቢ ብቻቸውን ያሉ ቀለሞች ይቀድማሉ፣ ከዚያ መላ ትራኩ ይንገዳገዳል። ኖታው በቦታው ይቆይ፣ የተነባቢው ርዝመት ወደ ግራ ይደግ። የጠበቀ ተነባቢም እንዲሁ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜውን የሚወስደው ከፊቱ ካለው አናባቢ ነው፤ ከኋላው ካለው አይነካም። ይህችን አንድ ነገር ከያዙ የሌላው ሁሉ ቁልፍ በእጅዎ ነው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። አማርኛን በቀጥታ ካላገኙ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያማሃ ቮካሎይድ የተባለውን የዘፈን ፕሮግራም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ድምፆች በ2004 የወጡት ለእንግሊዝኛ ነው፤ ስሙን ያገነነችው ሃትሱኔ ሚኩ የተባለች ድምፅ በ2007 የመጣችው በጃፓንኛ ነው። በኋላ ኮሪያኛ፣ ስፓንኛና ቻይንኛ ተጨመሩ። ሲንተሳይዘር ቪም በእነዚሁ ቋንቋዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለዚህ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ የሌላ ቋንቋ ድምፅ መዋስ ወይም የራስን ድምፅ መሥራት።

ለዘንድሮው ገና ጊዜ ከሌለዎት ይዋሱ። ሲንተሳይዘር ቪ ውስጥ ቃሉን እንደ እንግሊዝኛ ጽፈው እንዲገምት አይተዉት፤ ኖታው ላይ ነጥብ አስቀድመው የድምፅ ምልክቶቹን ራስዎ ያስገቡ። የእንግሊዝኛው ምልክቶች አርፓቤት በሚባለው አጻጻፍ ነው፤ እዚህ በፊደላቸው ስም እጠራቸዋለሁ። ለ«ኧ» ኤ-ኤች፣ ለ«እ» ኤ-ኤክስ፣ ለ«ኣ» ኤ-ኤ ይሻላሉ። «ኤ»ን በኢ-ዋይ፣ «ኦ»ን በኦ-ደብልዩ አይጻፉ፤ እነዚህ ጅራታቸው የሚታጠፍ ድርብ አናባቢዎች ስለሆኑ «ሬ»ን «ሬይ» ያደርጉታል። ፈረንጅ የሚያስመስለው ዋናው ነገር ይሄ ነው። በምትካቸው ኢ-ኤች እና ኤ-ኦ ያስገቡ። ለ«ረ» የእንግሊዝኛው አር አይሆንም፣ ምላስ ይጠቀልላል፤ ዲ-ኤክስ የምላስ ጫፍ አንዴ ብቻ የሚነካበት ድምፅ ስለሆነ የእኛን ላላ ያለ ረ ይመስላል። «ኝ» ኤን እና ዋይ ተከታትለው ይወጡታል። ለ«ገና» የመጀመሪያው ኖታ ላይ ጂ፣ ኤ-ኤች፣ ኤን፤ ሁለተኛው ላይ ኤን፣ ኤ-ኤ። ሁለቱ ኤኖች ሲገናኙ ይጠብቃሉ፤ ካልበቃዎት የመጀመሪያውን ኤን ርዝመት በድምፅ ርዝመት መቆጣጠሪያው ይጨምሩ።

የያዙት ድምፅ ቋንቋ እንዲቀይሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የፕሮ እትሙ ይህን ይችላል፣ ስፓንኛን ይሞክሩ። አናባቢዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ረው የእኛን ይመስላል፣ ል አይወፍርም፣ ተነባቢዎቹ ትንፋሽ አይረጩም። የሚጎድሉት «ኧ» እና «እ» ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ያንን ኖታ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ይህ ቅይጥ ከንጹሕ እንግሊዝኛ በብዙ ይሻላል።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ግን በውሰት በደንብ አይወጡም። እነዚህ ጉሮሮን ዘግተን አፍ ውስጥ ያለውን አየር ጨቁነን የምናፈነዳቸው ናቸው። ፍንዳታው ይሰማል፣ ከዚያ ቅንጣት ዝምታ፣ ከዚያ አናባቢው በድንገት ይነሣል፤ በመሃሉ ትንፋሽ የለም። የእንግሊዝኛው ቲ ግን ከኋላው ትንፋሽ ይለቃል። «ጧት» «ትዋት» የሚሆነው በዚያ ትንፋሽ ነው። ማስመሰያው ከተነባቢው ቀጥሎ የጉሮሮ መዝጊያ ማስገባት ነው፤ በአርፓቤት ኪው ነው፣ በየፕሮግራሙ ሊለያይ ስለሚችል የእርስዎን ምልክት ሰንጠረዥ ይዩ። «ጨ» ሲ-ኤች፣ ኪው፣ ኤ-ኤች ይሆናል። መዝጊያውን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያቆዩት። ከበለጠ ዘፋኙ ስቅታ የያዘው ይመስላል። ተነባቢውን ራሱን ያሳጥሩ፣ የትንፋሽ መጠን መቆጣጠሪያ ካለም እዚያች ቦታ ላይ ዝቅ ያድርጉ።

ለልጆቹ በየዓመቱ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሁለተኛው መንገድ ያዋጣል፦ ኦፕን ኡታው በነፃ ይገኛል፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፣ የራስዎን ወይም የባልደረባዎን ድምፅ ያዘፍናል። መሠረቱ ኡታው የተባለው የጃፓን ፕሮግራም ነው፤ የተሠራው አንዱ ምልክት አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ለሚይዝበት የጃፓን አጻጻፍ ነው። ፊደላችንስ? ያው ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብለው እያንዳንዱን ቀድተው ስሙን በራሱ በፊደሉ ቢሰይሙት ኖታው ላይ «ላ» ሲጽፉ «ላ» ይዘፍናል። በላቲን መገላበጥ አያስፈልግም። ድምፁን ሲያስገቡ የጽሑፍ ኮዱን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ አይርሱ። የዱሮው ኡታው የጃፓን ኮድ ስለሚጠቀም በዚያ ከከፈቱት ፊደልዎ ወደማይነበብ ዝብርቅርቅ ይለወጣል። የፋይሎቹን ስም በቁጥር ብቻ ያድርጉ፤ ፊደሉ በመለያ ስሙ ላይ ይቀመጥ።

የሚቀዳው ስንት ነው? ሞክሼዎቹን ከጣልን 28 ያህል ተነባቢ ይቀረናል፣ ፐ፣ ጰና ቨን ጨምሮ። በሰባት ሲባዛ 196። በዚያ ላይ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ጧ፣ ሟ፣ ሷን የመሳሰሉትን ግጥምዎ የሚፈልገውን ያህል ይጨምሩ። ሀ እና አ ሲነበቡ ከሃ እና ኣ ጋር አንድ ስለሆኑ የግዕዙን ቦታ ለኸ እና ለኧ ይስጡ። ሞክሼዎቹን አንድ ያድርጉ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ «ጸ»ን ብቻ ቀድተው ግጥሙ ላይ «ፀ» ከጻፉ ፕሮግራሙ አያውቀውም፣ ያች ኖታ ዝም ትላለች።

ፊደሎቹን ነጠላ ነጠላ አይቅዱ። ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። ፊደል ገበታ ላይ እንደሚቆጥር ሕፃን «ለ! ሉ! ሊ!» ተብሎ የተቀዳ ድምፅ ሲገጣጠም ያንኑ ይመስላል። በአንድ ትንፋሽ ሦስቱን አያይዘው ይበሉ፦ «ለለል፣ ሉሉል፣ ሊሊል፣ ላላል፣ ሌሌል፣ ልልል፣ ሎሎል»። አንዱ ቃል ሦስት ነገር ይሰጣል፤ በመነሻ ያለውን ላ፣ በሁለት አናባቢ መካከል ያለውን ላ፣ መዝጊያውን «ኣል»። የመሃለኛው ለምን እንደሚያስፈልግ «በ» ላይ ይሰማሉ። ላላ ያለ በ በአናባቢዎች መካከል ሲገባ ከንፈር ሙሉ አይዘጋም፤ «አበባ» ላይ ለስላሳ ነው። «አበበ» ሲሉ ግን የመጀመሪያው ብ ስለሚጠብቅ ከንፈር ግጥም ይላል። ከመነሻው የተቆረጠ ጠንካራ በ ለ«አበባ» ከሰጡት ጆሮ ወዲያው ያውቅበታል። ረም እንዲሁ ነው፤ ላልታ አንዴ ትነካለች፣ «በረረ» ላይ ጠብቃ ትንቀጠቀጣለች፤ ስለዚህ ለጠበቀችው ረ ለብቻዋ «አርራ» ብለው ይቅዱ። ን ደግሞ ከገ፣ ከከና ከቀ በፊት ወደ ጉሮሮ ትሸሻለች። «አንገት» ብለው ምላስዎን ይታዘቡ፤ ጫፉ ጥርስ አይነካም። ከበ በፊት ያለችውማ ም ሆና ነው የምታርፈው። ለእነዚህ ጥቂት ተጨማሪ መዝጊያ ይቅዱ።

196 ቃል በ5 ሰከንድ ቢያዝ 980 ሰከንድ፣ ማለትም 16 ደቂቃ ተኩል አይሞላም። መድገሙና ማረፉ ሲጨመር ግማሽ ቀን ይበሉት፤ ሁለት ቀን አያድርጉት፣ ድምፅ በአዳር ይለወጣል። በጆሮ ማዳመጫ አንድ ቋሚ ድምፅ እየሰሙ በዚያው ከፍታ ይበሉት፤ ለሴት ከ220 እስከ 260 ኸርዝ፣ ለወንድ ከ110 እስከ 150 ምቹ ነው። በአንድ ቻናል፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ዌቭ። ከማይኩ አንድ ስንዝር ተኩል ይራቁ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብለው።

የከተማ ዳር ቤት የራሱ ጣጣ አለው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ባዶ ሲሆን ያስተጋባል፤ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ፊትዎን ወደ ልብሱ ያዙሩ፣ ከኋላዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ሁለት ጋቢ ይንጠልጠል። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ዝናብ ባለበት ቀን አይሞከርም። ላፕቶፑን ከቻርጀር ይንቀሉት፤ የመብራቱ 50 ኸርዝ እዝዝታ በቀጥታ ይገባል፣ ፕሮግራሙ ድምፁን ሲለጥጠው እዝዝታውም አብሮ ይለጠጣል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፣ የሰፈሩ ውሾች ከፈቀዱ። ባልደረባ ርቃ የምትቀዳልዎ ከሆነች ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት አትላከው፣ ይጨመቅና የሰ፣ የሸና የጸ ጥራት ይሞታል፤ በፋይል ትላከው። የሰው ድምፅ ስለሆነም ለምን እንደሚውል አስቀድመው ተነጋግረው ፈቃዷን ይያዙ። የቅጂውን ድምፅ ከፍ ለማድረግ አይጣደፉ፤ ከፍተኛው ጫፍ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ጠና ቀ ሲፈነዱ ከሌላው ዘለው ይወጣሉ፣ እነሱ ከተቆረጡ መመለሻ የላቸውም።

ከዚያ የኦቶ ሥራ ይመጣል፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አምስት መስመር ማስመር። ኦፍሴት ድምፁ የሚጀምርበት ነው፤ ኮንሶናንት የሚባለው ክልል እንዳይለጠጥ የሚቆለፈው ነው፤ ካትኦፍ መጨረሻው ነው፤ ፕሪአተራንስ ምቱ ላይ የሚያርፈው ነጥብ ነው፤ ኦቨርላፕ ከቀደመው ድምፅ ጋር የሚደራረብበት ነው። ከአምስቱ ነፍስ ያለው ፕሪአተራንስ ነው። ሁልጊዜ አናባቢው የሚነሣበት ጫፍ ላይ ያስቀምጡት፤ ቅድም ያልነው የመዘግየት ችግር የሚፈታው እዚህ ነው። እንደ መነሻ ለ፣ መ፣ ነ ላይ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሰከንድ፣ ሰና ሸ ላይ ከ100 እስከ 120 ያገኛሉ፤ ግን ቁጥሩን ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድምፁን ማዕበል ይመኑ። ለ፣ መ፣ ነ፣ ወ ላይ ኦቨርላፑ የፕሪአተራንሱ ሲሶ ያህል ይሁን። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ላይ ፍንዳታውን አናባቢ መነሻ አድርጎ ማስመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከፍንዳታው በኋላ ያለችውን ዝምታ አልፈው፣ አናባቢው ሲነሣ ያስምሩ። የተቆለፈው ክልል ዝምታዋን ውጦ ከአናባቢው ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይጨምር። አለዚያ ረጅም ኖታ ላይ ዝምታዋ ተለጥጣ ቃሉ መሃሉ ይበሳል። ኦቨርላፑ እዚህ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥ፤ ከበለጠ የቀደመው አናባቢ ፍንዳታው ላይ ይፈስሳል፣ ጠ ወደ ደ ትቀርባለች።

አሁን «ገና»ን በእጅ እንሥራ። ቴምፖው በደቂቃ 90 ምት ነው እንበል። ኦፕን ኡታው አንዱን ምት በ480 ቲክ ይከፍላል፤ አንድ ምት 667 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ አንድ ቲክ 1.39 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ዲፎልት ፎነማይዘሩን ይምረጡ፤ የጻፉትን ፊደል ሳይተረጉም ቀጥታ ይወስዳል። «ገ» አንድ ሙሉ ምት ነበረው። ወደ 360 ቲክ ያሳጥሩትና በቀረው 120 ቲክ ላይ መዝጊያውን «ኧን»ን በዚያው ከፍታ ያስገቡ፤ ቀጥሎ «ና» በራሱ ምት ላይ ይቀመጥ። የመዝጊያው ፕሪአተራንስ አናባቢው አልቆ ን የምትጀምርበት ነጥብ ላይ ከተሰመረ፣ የመዝጊያው ኖታ ርዝመት የተነባቢው ርዝመት ማለት ነው። 120 ቲክ 167 ሚሊ ሰከንድ ይሰጣል፤ ጠበቀች፣ በዓል ሆነ። ኖታውን ወደ 60 ቲክ፣ ማለትም ወደ 83 ሚሊ ሰከንድ ያውርዱት፣ ክፍተት እንዳይቀር «ገ»ን ወደ 420 ቲክ ያስረዝሙት፤ ላላች፣ «ገና ነው፣ ቆይ» ሆነ። ሁለቱን እያፈራረቁ ይስሙ። ሌላ ምንም ሳይነካ ትርጉሙ ሲገለበጥ ጆሮዎ ልኩን ይማራል።

የቲክ ቁጥሩን ግን ወደ ሌላ ዘፈን አይቅዱት። በደቂቃ 60 ምት ባለው የትዝታ አካሄድ ያው 120 ቲክ 250 ሚሊ ሰከንድ ይሆንና ዘፋኟ ን ላይ የተኛች ይመስላል። ዘፈን ሲዘገይ የሚለጠጠው አናባቢው ነው፤ ተነባቢው ብዙም አይለወጥም። በሚሊ ሰከንድ ያስቡ፣ ወደ ቲክ ይመንዝሩ። በፈጣን ችክችካ ላይ ደግሞ ለ167 ቦታ አይኖርም፤ ያኔ ሁለቱንም ያሳጥሩ፣ ግን የጠበቀው ከላላው አንድ ተኩል እጥፍ እንዳያንስ።

«ጀም-ም-ሮ» ላይ ያው ዘዴ ነው፤ «ጀ»፣ አጭር «ኧም»፣ «ም»፣ «ሮ»። የመሃለኛዋ «ም» የ«እ» ቀለም ስለሆነች አጭር ኖታ ይስጧት፤ እኩል ካደረጓት ልጆቹ ፊደል የሚቆጥሩ ይመስላል። አፍን የሚዘጋ ተነባቢ ሲጠብቅ፣ ለምሳሌ «ወጣ»፣ መዝጊያው «ኧጥ» ድምፅ አልባ ነው፤ የሚጠብቀው ዝምታው ነው። እዚያ ላይ ሪቨርብ የሚባለው ማስተጋቢያ ከበዛ ዝምታው ይሞላና ጠ ይላላል። ወ ላይ ያለው ኧ ወደ ኦ፣ የ ላይ ያለው ወደ ኤ ይጠጋል፤ ከሰው አፍ በትክክል ከተቀዳ በራሱ ይመጣል፤ በውሰት ለሚሠሩ ግን «ወ» ላይ ኤ-ኦ መስጠት ይሻላል። አንድን ቀለም በብዙ ኖታ ሲያንሸራትቱ ደግሞ ፊደሉን አይድገሙት፤ ኦፕን ኡታው ላይ የመደመር ምልክት፣ ሲንተሳይዘር ቪ ላይ ሰረዝ ያስገቡ፤ አለዚያ «ነነነው» ይላል።

ዲፍሲንገርን የመሳሰሉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ይበልጥ ሰው ይመስላሉ፤ ግን ብዙ ንጹሕ ዘፈን፣ እያንዳንዱ ድምፅ ተለክቶና ተሰይሞ፣ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድም ይፈልጋሉ። ሲሰየም ያልጠበቀ ተብሎ የገባ የጠበቀ ን እዚያም ልልት እንዳለች ትወጣለች። ለመዋዕለ ሕፃናት መዝሙር አያስፈልግም።

ሲቀላቅሉ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ። ጌት የሚባለውን፣ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚዘጋ ማጣሪያ አይጠቀሙ፤ የ«ጧት»ን የመጨረሻ ት ይበላታል፣ «ጧ» ብቻ ይቀራል። ኮምፕረሰሩንም (ጮክ ያለውን ድምፅ የሚጫነውን) ለስለስ ያድርጉት፣ የአጀማመር ፍጥነቱን ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ። በጣም ከፈጠነ የጨና የጠን ፍንዳታ ይጨፈልቅና እንደገና «ቸዋታ» ይመልስልዎታል።

ፍተሻውን ራስዎ አያድርጉት፤ ግጥሙን ስለሚያውቁት ጆሮዎ ያልተባለውን ይሞላል። ሙዚቃውን አጥፍተው ድምፁን ብቻ፣ በስልክ ስፒከር፣ ግጥሙን ላላየ ሰው ያሰሙና የሰማውን ይጻፍልዎ። «ገና»ን ሲጽፍ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁት። «በዓሉ» ካለ ወደሚቀጥለው ቃል ይለፉ፤ «አልደረሰም ማለት ነው» ካለ ወደ መዝጊያው «ኧን» ተመልሰው 20 ቲክ ይጨምሩለት።